የሞተርና የኮምፒዩተር ክርክር በማን ይዳኛል?

ስለ ሳይንስና ቴክኒክ ፍርድ ቤቶች ለወልቂጤና ለቡታጅራ ነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ



በንግድ ሥራ ላይ የሚነሣው ክርክር ዐይነቱ እየተለወጠ መሄዱን በየሱቁና በየመጋዘኑ የምንውል ሁሉ እናውቃለን። ቀድሞ ነጋዴ ከነጋዴ ጋር የሚካሰሰው በሚዛን ጉድለት፣ በዱቤ ቀን ማለፍ፣ በበርበሬ እርጥበት ወይም በቡና ድብልቅ ነበር። ይህን የመሰለውን ነገር ዳኛው በዐይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ፣ ካስፈለገውም የገበያውን ሽማግሎች ጠይቆ ይፈርደዋል። ዛሬ ግን ወደ ችሎት የሚቀርበው የተቃጠለ ሞተር፣ መረጃ ማስተላለፍ ያቆመ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ፣ በስልክ ተልኮ ያልደረሰ ገንዘብ፣ ወይም የዓመቱን ሒሳብ ይዞ የጠፋ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሆኗል። እነዚህ ውስጣቸውን ለማያውቅ ሰው አንደበት የሌላቸው ምስክሮች ናቸው።

ከዚህ የተነሣ «በሌላው አገር ለሳይንስና ለቴክኒክ ነገር ብቻ የቆመ ፍርድ ቤት አለ ይባላል፤ ለእኛስ?» የሚል ጥያቄ በነጋዴዎች ዘንድ ይሰማል። መልሱን ላስቀድም፤ በኢትዮጵያ በዚህ ስም የተቋቋመ ፍርድ ቤት የለም። ያለው መደበኛው ፍርድ ቤት ነው፤ እርሱም ሲያስፈልገው ልዩ ዐዋቂ ይጠራል። ከጎኑም ተከራካሪዎች በውል የሚመርጡት የግልግል ዳኝነት አለ። ይሁን እንጂ የቴክኒክ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚረታውም የሚሸነፈውም ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ነው፤ ይኸውም ዕቃው በተበላሸበት ቀንና በማግሥቱ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም።

የምጽፍበት ንግድ ቤት ደንበኛ የሆኑ አንድ የወፍጮ ባለቤት ከአዲስ አበባ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ገዝተው አስተከሉ። በዘጠነኛው ሳምንት ሞተሩ ጢስ አውጥቶ ቆመ። ሻጩ በስልክ ሲጠየቅ «ኃይሉ ሲወጣና ሲወርድ ያቃጠለው ነው እንጂ የእኔ ዕቃ ደኅና ነበር» አለ። ባለ ወፍጮው ደግሞ «ሽቦው ከመነሻው የደከመ ነበር» አሉ። የተከለው ሠራተኛም በበኩሉ ከሁለቱም ወገን ጣት እንዳይቀሰርበት ፈርቶ አንድም ቃል አልተናገረም። እህል የተሸከመው ገበያተኛ በር ላይ ቆሞ ነበርና ባለ ወፍጮው ሞተሩን በማግሥቱ ወደ ጠቅላይ ቤት ልከው አሮጌውን ሽቦ አስወጥተው አዲስ አስጠቀለሉ። ሥራው ቀጠለ፤ ማስረጃው ግን በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ተሸጠ።

ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች እንደሚያስረዱት፣ የተቃጠለ የሞተር ጥቅልል ራሱ ይናገራል። ሞተሩ ከዐቅሙ በላይ ተጭኖ ከሆነ ጥቅልሉ በሙሉ በእኩል ይጠቁራል። ከሦስቱ መስመሮች አንዱ ተቋርጦ ከሆነ ሞተሩ ወዲያው አይቆምም፤ በቀሩት ሁለቱ እየጎተተ ይሞቃል፤ በዚያን ጊዜ ከጥቅልሉ ከፊሉ ከስሎ ከፊሉ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ጉድለቱ ከፋብሪካ የመጣ የሽፋን መሳሳት ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ቃጠሎው በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ይታያል። በሁለተኛው ሁኔታ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ሙቀት ሲበዛ ኃይል የሚቆርጠው መከላከያ ተገጥሞ ነበርን? ተገጥሞስ እንደ ሆነ በሞተሩ ልክ ተስተካክሎ ነበርን? ይህን ሁሉ ሠላሳ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ አይቶ መናገር የሚችል ሰው ነበረ። ሽቦው ከተጣለ በኋላ ግን የምድር ዳኛ ሁሉ ቢሰበሰብ ሊያውቀው አይችልም። በመጨረሻ ነገሩ በሽማግሌ ተይዞ ጉዳቱን እኩል እንዲካፈሉ ተደረገ። እርቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሁለቱ አንደኛው ሳያጠፋ መክፈሉ የተረጋገጠ ነው። የትኛው እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

እንግዲህ ሕጋችን ለዚህ ምን አዘጋጅቷል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት ስለ መሆኑ መድን እንደሚሆን ይደነግጋል። ገዢውም በበኩሉ ግዴታ አለበት። አመቺ ጊዜ እንዳገኘ ዕቃውን መመርመር፣ ጉድለት ባገኘም ጊዜ ሳይዘገይ የጉድለቱን ዐይነት ገልጦ ለሻጩ ማስታወቅ ይገባዋል። ማስታወቂያውን ከሰጠ በኋላም ሻጩ ያታለለው ካልሆነ በቀር በአንድ ዓመት ውስጥ ክሱን ካላቀረበ መብቱን ያጣል። እኔ በጸሐፊነት ሥራዬ እንደማየው፣ ከነጋዴዎቻችን ብዙዎቹ ይህን ማስታወቂያ በስልክ ብቻ ተናግረው ይተዉታል። ስልክ መናገር መልካም ነው፤ ነገር ግን በጽሑፍ ያልተከተለ ስልክ በችሎት ፊት ሲካድ መልስ የለውም።

ክሱ ከቀረበ በኋላ ደግሞ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድ ቤቱ ሰው ልኮ ነገሩን በቦታው እንዲያስመረምር፣ ሒሳብ እንዲያስጣራ፣ የልዩ ዐዋቂም አስተያየት እንዲቀበል ይፈቅድለታል። ይህ ሕግ ከወጣ ስድሳ ዓመት ያህል ቢሆነውም ዛሬም የሚሠራበት ነው። የልዩ ዐዋቂው ቃል ዳኛውን አያስርም፤ ዳኛው ከሌላው ማስረጃ ጋር መዝኖ ይወስናል። ችግሩ ያለው ከሕጉ ጽሑፍ ላይ ሳይሆን ከሰው ላይ ነው። የመኪና ወይም የሕንፃ ግምት የሚያውቅ ሰው በየከተማው አይጠፋም። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያን ማኅደረ ትውስታ ከፍቶ የሚያነብ፣ ወይም የኮምፒዩተር መዝገብ ኋላ ተነክቶ እንደ ሆነ የሚለይ ሰው ግን ከአዲስ አበባ ይጠራል። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ቡታጅራም ከዚህ ብዙም አያንስም። የመንገዱንና የውሎ አበሉን ገንዘብ በቅድሚያ የሚያስይዘው ብዙውን ጊዜ ምርመራውን የጠየቀው ወገን ስለ ሆነ፣ ትንሹ ነጋዴ ሒሳቡን ሠርቶ ክሱን ይተወዋል።

ወደ ውጭው አገር እንለፍ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1873 በወጣው የፍርድ ቤቶች ሕግ፣ ብዙ ሒሳብና የቴክኒክ ዝርዝር ያለበትን ክርክር የሚሰሙ ልዩ ሹማምንት ተሾሙ። ይህ ክፍል እያደገ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1998 የቴክኖሎጂና የግንባታ ፍርድ ቤት ተብሎ ተሰየመ። ዛሬ የሕንፃ፣ የማሽንና የኮምፒዩተር ሥራ ውል ክርክሮችን ያያል። የጀርመን አገር አሠራር ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1961 በሙኒክ ከተማ በተቋቋመው የፓተንት ፍርድ ቤት ከሕግ ዐዋቂ ዳኞች ጎን ኢንጂነሮችና የሳይንስ ሊቃውንት ራሳቸው ዳኛ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ድምፃቸውም እኩል ነው። በዚያ ልዩ ዐዋቂው ምስክር ሆኖ ከመቆም አልፎ ከወንበሩ ላይ ይቀመጣል ማለት ነው። በቻይናም እ.ኤ.አ. በ2017 በሃንግዡ ከተማ የኢንተርኔት ፍርድ ቤት ተከፍቶ፣ በኢንተርኔት የተደረገ ግብይት ክርክር ተከራካሪዎቹ ከቤታቸው ሳይወጡ ይሰማበታል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሰጠው ግን የሕንድ አገር ነገር ይመስለኛል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2000 ለቴሌኮሙኒኬሽን ክርክር ልዩ የዳኝነት አካል በኒው ዴልሂ አቋቋመች። ይህ አካል መንግሥት ከኩባንያ፣ ኩባንያም ከኩባንያ ጋር ሲከራከሩ ይዳኛል። የአንድ ተራ ደንበኛ አቤቱታ ግን ከእርሱ ሥልጣን ውጭ ተደርጎ ወደ ሸማቾች የዳኝነት መድረክ እንዲሄድ ተወስኗል። ልዩ ፍርድ ቤት ሲቋቋም የሚገለገልበት ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ስለዚህ ነው። በዋና ከተማ ተቀምጦ የትላልቆቹን ኩባንያዎች ነገር የሚሰማ ችሎት ለአገር የሚጠቅም ሊሆን ይችላል፤ ለቡታጅራው ባለ ወፍጮ ግን ያው ሩቅ ነው።

በአገራችን «ልዩ ፍርድ ቤት» የሚለው ቃል ራሱ የቆየ ታሪክ አለው። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር በተደረገው በተለምዶ የክሎቡኮቭስኪ ውል በሚባለው ስምምነት የተነሣ የውጭ አገር ሰው ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲካሰስ ነገሩ ቆንስሉ ባለበት በተለየ ችሎት ይታይ ነበር። ያ ችሎት የተለየው በሙያው ሳይሆን በተከራካሪው ዜግነት ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ ልዩ የጦር ፍርድ ቤት አቋቋመ፤ ስለ እርሱ በዚህ የንግድ ጋዜጣ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 78 ንኡስ አንቀጽ 4 ላይ የዳኝነትን ሥልጣን ከመደበኛ ፍርድ ቤቶች ወይም በሕግ ከተፈቀደላቸው ተቋሞች የሚወስድ፣ በሕግ የተደነገገውንም ሥርዓት የማይከተል ልዩ ወይም ጊዜያዊ ፍርድ ቤት እንዳይቋቋም ከልክሏል። አንዳንድ ሰዎች ይህን አንብበው «እንግዲያማ የቴክኒክ ፍርድ ቤት በሕገ መንግሥት የተከለከለ ነው» ይላሉ። እንዲህ ማለት ግን ከቃሉ አልፎ መሄድ ነው። የተከለከለው ከሥርዓት ውጭ የሚቆመው ነው። በመደበኛው ፍርድ ቤት ውስጥ ለአንድ ዐይነት ጉዳይ ተለይቶ የሚመደብ ችሎት አልተከለከለም። በሕግ ሥልጣን የተሰጣቸው እንደ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን ያሉ አካላትም ሲሠሩ እናያለን።

አሁን ወደ ገንዘቡ ነገር እንመለስ፤ ከሞተር ይልቅ ዛሬ ብዙውን ነጋዴ የሚያሳስበው ይህ ነውና። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ኤምፔሳም በ2015 ዓ.ም. ከተከተለ በኋላ፣ የገበያ ቀን ሽያጭ ከፊሉ በስልክ ላይ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት ዐዋጅ ቁጥር 1205 አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ አድርጓል። ስለ ኤሌክትሮኒክ ፊርማም ከዚያ በፊት በ2010 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 1072 ወጥቶ ነበር። ስለዚህ የስልክ መልእክት ማስረጃ መሆን ይችላልን የሚለው ጥያቄ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ዋናው መዝገብ ያለበት ቦታ ነው። የሞተሩ ሽቦ በባለ ወፍጮው እጅ ነበረ። የገንዘብ ዝውውሩ ሙሉ መዝገብ ግን በነጋዴው እጅ የለም፤ ያለው በባንኩ ወይም በኩባንያው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ነጋዴው ያለው አንዲት አጭር መልእክት ብቻ ናት። ክርክሩም ከባንኩ ጋር ሲሆን፣ ማስረጃው ከተከራካሪው ወገን ዘንድ ተቆልፎ ተቀምጧል ማለት ነው።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ላይ የደረሰው እክል የዚህን ነገር ስፋት ለሁሉ አሳይቷል። በዚያ ሌሊት ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ያላግባብ የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን፣ ምክንያቱም የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታወቀ። የሚበዛው ገንዘብ በጥሪና በማስጠንቀቂያ ተመልሷል። በዚያ ጊዜ ማን ስንት ወሰደ የሚለው የታወቀው ከባንኩ መዝገብ ነበር፤ ሌላ መዝገብ አልነበረምና። ባንኩ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን አንድ ሰው «እኔ የወሰድሁት ይህን ያህል አይደለም» ቢል፣ መዝገቡን ገለልተኛ ሆኖ የሚያነብለት ሰው ያስፈልገዋል። በጀርመን አገር ከዳኛው ጎን የሚቀመጠው ኢንጂነር የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ስለዚህ በስልክ የተላከ ገንዘብ ሳይደርስ ቢቀር፣ ወይም ወደ ሌላ ሰው ቢሄድ፣ የዝውውሩ ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ ያለበትን መልእክት ሳያጠፉ በዚያው ቀን ለአገልግሎት ሰጪው በጽሑፍ ማመልከትና የደረሰበትን ማኅተም ማስመታት ይገባል። በማመልከቻውም ላይ «የዝውውሩ ሙሉ መዝገብ ተጠብቆ እንዲቆይልኝ» የሚል ቃል ቢጨመር መልካም ነው። በኋላ ፍርድ ቤቱ መዝገቡ ይቅረብ ብሎ ሲያዝ «የለም» የሚል መልስ በቀላሉ አይሰጥም። ስልክ የሚለውጥ ሰው አሮጌውን ከመሸጡ በፊት መልእክቶቹን እንዲያስተላልፍም አደራ እላለሁ፤ ይህ ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን በአንድ የስልክ ሽያጭ የዓመት ማስረጃ ሲጠፋ አይቻለሁ።

የግልግል ዳኝነትን በሚመለከት፣ በ2013 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1237 የቀድሞውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ክፍል ተክቶ ነገሩን በሰፊው አደራጅቶታል። የአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤትም ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ የግልግል ተቋም አለው። የዚህ ዳኝነት ትልቁ ጥቅም ተከራካሪዎቹ ዳኛውን ራሳቸው መምረጣቸው ነው፤ ኢንጂነር መምረጥም ይችላሉ። በሌላ አነጋገር ሁለት ነጋዴዎች የጀርመኑን ዐይነት ችሎት በአንድ አንቀጽ ውል ለራሳቸው ሊያቆሙ ይችላሉ። ሁለት ነገሮችን ግን ልብ ይሏል። አንደኛው፣ በውሉ ላይ የዳኞቹ ቁጥር ካልተጻፈ ዐዋጁ ሦስት ያደርጋቸዋል፤ የሦስት ሰው አበል ደግሞ የክርክሩን ዕቃ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ትንሽ ዋጋ ላለው ዕቃ «አንድ ዳኛ» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ሁለተኛው፣ ሁሉም ነገር በግልግል አይዳኝም፤ የወንጀል፣ የግብር፣ የኪሳራ፣ የመሬት፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ጉዳይ ከእርሱ ውጭ ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ተበላሽቶ ከግብር መሥሪያ ቤት ጋር የሚነሣው ክርክር ስለዚህ በግልግል አይታይም። ከመሣሪያው ሻጭ ጋር የሚነሣው ግን ሊታይ ይችላል።

የእኛ አገር ሽማግሌ በዚህ ነገር ከማንም የሚያንስ አይደለም። በሰባት ቤት ጉራጌ የየጆካ ቂጫ፣ በክስታኔም የጎርደና ሴራ ሕግ ሆኖ የኖረ ነው። የወሰን ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ ቤት ተቀምጦ አይፈርድም፤ እስከ ወሰኑ ድረስ ሄዶ ድንጋዩን ያያል። ለሞተርም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ድንጋዩን የሚያውቀው ሌላ ሰው መሆኑ ብቻ ነው። ሽማግሎቻችን አንድ የኤሌክትሪክ ዐዋቂ ጠርተው ከሰሙ በኋላ ቢያስታርቁ፣ እርቁ እኩል ከመካፈል አልፎ እውነቱን የተከተለ ይሆናል።

አንባብያን በሽያጭ ውላቸው ላይ ሊጨምሩት የሚችሉትን ቃል ከዚህ በታች አሰፍራለሁ። ይህ የግልግል ዳኝነት ውል ሳይሆን የምርመራ ስምምነት ብቻ ነው፤ ነገሩ ኋላ ወደ ፍርድ ቤትም ቢሄድ ወደ ሽማግሌ ይጠቅማል። ዕቃው ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ከሆነ ግን ለጠበቃ ማሳየት ያስፈልጋል።

«በዕቃው ላይ የጥራት ወይም የአሠራር ጉድለት ክርክር ቢነሣ፣ ዕቃው ሳይፈታና ሳይጠገን፣ ሁለቱ ወገኖች በስምምነት የሚመርጡት አንድ ልዩ ዐዋቂ ዕቃው በተተከለበት ከተማ ይመረምረዋል። በጽሑፍ ጥሪ ደርሶት በአምስት ቀን ውስጥ ያልቀረበ ወገን፣ ምርመራው እርሱ በሌለበት በመደረጉ ሊቃወም አይችልም። የምርመራውን ዋጋ ሁለቱም በእኩል ያስቀድማሉ፤ በመጨረሻ ጥፋቱ የተገኘበት ወገን ለሌላው ይተካል።»

አምስት ቀን ለባለ ወፍጮ ረጅም ጊዜ ነው፤ ገበያው አይጠብቅምና። መቆየት የማይቻል ከሆነ ሞተሩ ሲፈታ ሁለት ምስክሮች ባሉበት፣ የስም ሰሌዳው ቁጥር እየታየ፣ የጥቅልሉ ዙሪያ በሙሉ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ የወጣው ሽቦም በከረጢት ታስሮና ታሽጎ ይቀመጥ። ሻጩም በዚያው ቀን በጽሑፍ ይጠራ። ይህ የምርመራውን ያህል ባይሆንም ከባዶ እጅ ይሻላል።

የሚቀረው ዐዋቂውን ማግኘት ነው። ይህን ለአንድ ነጋዴ ብቻ መተው አይገባም፤ ለምክር ቤቶቻችን የሚስማማ ሥራ ነው። በጉብርዬ ካለው ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ፣ በሁለቱም ከተሞች ካሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ ከታወቁት የሞተር ጠቅላዮችና የኮምፒዩተር ባለሙያዎችም መካከል ፈቃደኛ የሆኑት ስማቸው፣ ሙያቸውና ለአንድ ምርመራ የሚጠይቁት ዋጋ በአንድ መዝገብ ተጽፎ በወልቂጤና በቡታጅራ የምክር ቤት ጽሕፈት ቤቶች ቢቀመጥ፣ ፍርድ ቤቱም ልዩ ዐዋቂ ሲፈልግ ከዚያው መምረጥ ይችላል። በመዝገቡ ላይ ሰውየው ዕቃ ሻጭ መሆን አለመሆኑም ሊጻፍ ያስፈልጋል፤ የሚሸጥ ሰው የሌላውን ሻጭ ዕቃ ሲመረምር ገለልተኛ ነው ለማለት ያስቸግራልና።